ለወገብ ህመሜ ግሉኮሳሚን ልጨምርበት?

ጥያቄ፦ ወገቤን ካመመኝ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። ሐኪም ያዘዘልኝን እንቅስቃሴ እሠራለሁ፣ ሲብስብኝ ማስታገሻ እወስዳለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ግን «እኔን ያዳነኝ ግሉኮሳሚን ነው» ብላ ትምላለች፤ ለመገጣጠሚያ ይጠቅማል ተብሎ የሚሸጠውን ክኒን ማለቷ ነው። ሕክምናዬ ላይ ጨምሬ ልሞክረው? መሥራቱንስ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ባልደረባዎ ተሽሏት ይሆናል፣ እሱን አልጠራጠርም። ግን ያሻላት ክኒኑ ነው ወይ? የቆየ የወገብ ህመም አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ይተኛል። ሰው ደግሞ አዲስ ነገር ፍለጋ የሚወጣው ሕመሙ ሲጠናበት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ባይወስድ እንኳ ብዙ ጊዜ ረገብ ይልለታል፤ ምስጋናውን ግን ክኒኑ ይወስደዋል።

ለዚህ ነው ማወዳደሪያ ያለው ጥናት የሚያስፈልገው። ኖርዌይ ውስጥ ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። ወገባቸውን ከ6 ወር በላይ ያመማቸውና የወገባቸው መገጣጠሚያ የተጎዳ 250 ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ በቀን 1500 ሚሊግራም ግሉኮሳሚን፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ለ6 ወር ወሰዱ፤ ማን የቱን እንደሚወስድ ታካሚዎቹም ሐኪሞቹም አያውቁም ነበር። ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው! በ6 ወሩም ሆነ በዓመቱ ሲታዩ ግን በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ስለዚህ እኔን ከጠየቁኝ ገንዘብዎን አያውጡበት። ልሞክረው ካሉ ግን መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ። በተለይ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ አብሮ መውሰዱ ለደም መፍሰስ ሊያጋልጥ ይችላል፣ ብዙው ግሉኮሳሚን ደግሞ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ስለሚሠራ አለርጂ ላለበት ሰው ያሰጋል። ከመጀመርዎ በፊት ለተወሰኑ ሳምንታት ሕመምዎን ከ0 እስከ 10 እየሰጡ ይጻፉ፣ ምን ያህል መቀመጥና መራመድ እንደቻሉም ጭምር። በዚያው ሰሞን ሌላ አዲስ ነገር አይጀምሩ፣ አለበለዚያ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። የሚያቆሙበትንም ቀን አስቀድመው ይወስኑ። ይህም ቢሆን እርግጠኛ መልስ አይሰጥዎትም፤ ቢያንስ ለውጥ የሌለውን ነገር ለዓመታት ከመዋጥ ያድንዎታል።

እንቅስቃሴውን ግን እባክዎ እንዳይተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለቆየ የወገብ ህመም ባወጣው መመሪያ ከመከራቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

እግርዎ በድንገት ከደከመ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ ወይም መቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዘዎት ደግሞ የክኒን ነገር ይቅርና ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ።