ጠፈርተኛ ምን ይሰነቃል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው አንድ ምሽት ጣና ዳር ተቀምጬ ጠፈርተኞች የሚኖሩበት ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በላያችን ሲያልፍ እንዳየሁ ጽፌ ነበር። ስለ ፍጥነቱ ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ስጠብቅ፣ ሁላችሁም የጠየቃችሁት ስለ ሆድ ሆነ። ደግ አደረጋችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።

«ልጄ፣ እዚያ ላይ እንጀራ ይጋገራል ወይ?» (አንዲት እናት፣ ከሽምብጥ)

እናቴ፣ መጋገሩስ አይሆንም። እዚያ የፈሰሰ ነገር ወደ ታች አይወርድም። ሊጡን ቢያፈሱት ድቡልቡል ብሎ አየር ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ምጣዱን አያገኘውም። ተጋግሮ ቢሄድ ግን ከዳቦ ይሻላል። በ1965 ጆን ያንግ የሚባል አሜሪካዊ ጠፈርተኛ ሳንድዊች በኪሱ ደብቆ ወጣ። አብሮት የበረረው ገስ ግሪሰም ተቀብሎ ገና ገመጥ ሲያደርገው ፍርፋሪው መንሳፈፍ ጀመረ፤ ቶሎ ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ፍርፋሪ ዓይንም ውስጥ፣ መሣሪያም ውስጥ ይገባል። በ1985 ደግሞ ሜክሲኳዊው ሮዶልፎ ኔሪ ቬላ የሀገሩን ቂጣ፣ ቶርቲያን፣ ይዞ ሄደ። አሜሪካኖቹም ወደዱትና የዳቦን ቦታ ወሰደ። ቂጣ ከሄደ እንጀራ ምን ይለዋል? ሻጋታው ብቻ ነው የሚያሳስበኝ።

ወጡ አያስቸግርም። ወፈር ያለ ሽሮ ከእንጀራው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አስቸጋሪው በርበሬው ነው፤ ዱቄት ነገር ተነስንሶ አይበላም። ጨው እንኳ በውሃ ሟሙቶ፣ ቁንዶ በርበሬ በዘይት ተለውሶ ነው የሚሄደው። እኛ መላውን ድሮ አግኝተነዋል፦ አዋዜ። ደግሞም ያስፈልጋቸዋል። እዚያ የሰውነት ፈሳሽ ወደ ራስ ስለሚወጣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው አፍንጫቸው ይደፈናል፤ ምግቡ ሁሉ አልጫ አልጫ ይላቸዋል። የሚያቃጥል ነገር የሚናፍቁት ለዚህ ነው።

«ቡና ሳይጠጡ እንዴት ይውላሉ?» (አንድ አባት፣ ከዘጌ)

አባቴ፣ ይጠጣሉ። ለብዙ ዓመት ግን ከረጢት ውስጥ ያለ ዱቄት ቡና በፍል ውሃ በጥብጠው፣ በስትሮ እየሳቡ ነበር። ይህን ለዘጌ ሰው መንገር ያሳፍራል። በ2015 ጣሊያናዊቷ ሳማንታ ክሪስቶፎሬቲ በማሽን የተፈላ ኤስፕሬሶ እዚያው ጠጣች። ዶን ፔቲት የሚባል ጠፈርተኛ ደግሞ አንድ ጎኑ ሹል የሆነ ሲኒ ፈልስፏል። ቡናው በሹሉ ጥግ በኩል ራሱ እየተሳበ ከንፈር ድረስ ይመጣል። ጀበና አይቀዳም፣ ከሰል አይታሰብም። ጭሱን መስኮት ከፍተው አያስወጡት! እጣኑ ምድር ላይ ይጠብቃቸው።

«ሽንታቸውን ይጠጣሉ የሚባለው ፌክ ነው አይደል?» (ተማሪ፣ ፔዳ ግቢ)

የምር ነው። ሽንቱ፣ ላቡ፣ ከትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት ሳይቀር ተሰብስቦ ይጣራል። በ2023 ናሳ ከውሃው 98 በመቶውን መልሶ ማግኘት እንደቻለ ተናግሯል። አንተ ሻይህን ጠጣ።

«ጠፈር ላይ እንዴት ይጾማል? ዘጠኝ ሰዓትስ በምን ይታወቃል?» (አንዲት አንባቢ፣ ግሽ ዓባይ)

እህቴ፣ ከሁሉም የወደድኩት ያንቺን ነው። ጣቢያው በ90 ደቂቃ ገደማ ምድርን ስለሚዞር ፀሐይ በቀን 16 ጊዜ ትወጣለች። በፀሐይ እንቁጠር ካልን ቁርስ ሳይቀርብ ይመሻል። ስለዚህ የሚሠሩት በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ የኛ ዘጠኝ ሰዓት ለእነሱ ልክ እኩለ ቀን ይሆናል። ሙስሊሞቹ በዚህ ቀድመውናል። በ2007 ማሌዢያዊው ሼክ ሙስዛፋር ሹኮር በረመዳን ሲጓዝ፣ የሀገሩ ሊቃውንት ሰዓቱን በተነሳበት ቦታ እንዲቆጥር፣ ከፈለገም ሲመለስ ማካካስ እንደሚችል ነገሩት። የኛን የንስሐ አባት ይወስኑ። ምግቡ አይቸግርም፤ ሩዙም አትክልቱም ደርቆ ይሄዳል፤ ውሃ ሲጨመርበት ነፍስ ይዘራል።

«ማርስ ለመሄድ ስንት ኩንታል ስንቅ ይበቃል? በሶ ቢይዙስ?» (ነጋዴ፣ ቀበሌ 14)

ጥሩ ነጋዴ ነህ። ለአንድ ሰው በቀን ከነማሸጊያው 1.8 ኪሎ ያህል ይያዛል። ማርስ ደርሶ መልስ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ለአራት ሰው ብታሰላው 80 ኩንታል ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ለአንተ የሁለት አይሱዙ ጭነት ነው፤ ለሮኬት ግን እያንዳንዷ ኪሎ መዓት ነዳጅ ትበላለች። ከክብደቱ የባሰው ዕድሜው ነው። ምግቡ ቀድሞ ስለሚላክ አምስት ዓመት ሳይበላሽ መቆየት አለበት። ሆድ ሳያሳምም ቢቆይ እንኳ ቫይታሚን ሲ እና ቢ1 እያለቁ ይሄዳሉ። ደግሞ ሰው ይሰለቻል። የሰለቸው ይተወዋል፣ ይከሳል። ለዚህ ነው እዚያው ማብቀል የጀመሩት፤ በ2015 ሰላጣ፣ በ2021 ቃሪያ በሉ።

በሶውን ቅዳሜ ዕለት ራሴ ሞከርኩት። እዚያ መጠጥ የሚሄደው ዱቄቱ በከረጢት ታሽጎ ነው፤ ውሃ ይገባበታል፣ ይታሻል፣ ይጠጣል። ሦስት ማንኪያ በሶ ፌስታል ውስጥ ጨምሬ አፉን ቋጠርኩና በሲሪንጅ ውሃ ወጋሁት። አንዱ ጥግ ጭቃ ሆነ፤ ሌላው ጥግ ዱቄቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ጠበቅ አድርጌ ሳሸው በወጋሁት ቀዳዳ ፊጭ ብሎ ሸሚዜ ላይ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «ብርጭቆ ጠፋ?» አለችኝ።

የኔ ምርጫ ጭኮ ነው። በቅቤ ስለታሸ አይበንም፣ ውሃ አይጠይቅም፣ በትንሹ ያጠግባል። ቫይታሚን ሲ ግን ከሱ አትጠብቅ። የግሽ ዓባይዋ እህታችንም በጾም አትነካውም።

«የጣና ዓሣ እዚያ ማርባት ይቻላል?» (ዓሣ አስጋሪ፣ ከሐይቁ ዳር)

ቆሮሶ የሞከረ ሲኖር እነግርሃለሁ። በ1994 ግን ሜዳካ የተባሉ የጃፓን ዓሦች ኮሎምቢያ በተባለችው መንኮራኩር ላይ ተራብተው እንቁላላቸው እዚያው ተፈልፍሏል። ለዱለት አትጓጓ፤ አንዷ አራት ሴንቲ አትሞላም።