ጠገራው ብር ስንት ዘመኑ ነው?

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር አለኝ፤ ላዩ ላይ 1780 ይላል። እውነት ያን ያህል ያረጀ ነው? ስለጠቆረ በሎሚና በአመድ ልሸው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይሹት! ጥቁረቱ ብር ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ነው፤ አመድ ፊቱን ይቧጭራል፣ ሰብሳቢም የተፈተገ ብር በግማሽ ልቡ ነው የሚያየው። ቆሻሻ ካለበት ለብ ባለ ውሃ አለቅልቀው በጨርቅ ጠብ ጠብ ያድርጉት።

1780 በፈረንጅ አቆጣጠር ንግሥቲቱ የሞቱበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ሲመታ የኖረው በዚያው ቁጥር ስለሆነ ቁጥሩ ዕድሜውን አይነግርዎትም።

እውነተኛነቱን ግን መፈተን ይቻላል። 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፣ ወርዱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠርዙ ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍ አለው። ወርቅ ቤት ባለው ሚዛን ላይ ውሃ የያዘ ብርጭቆ አስቀምጠው ዜሮ ያድርጉት፤ ብሩን በቀጭን ክር አስረው ብርጭቆውን ሳይነካ ውሃው ውስጥ ያንጠልጥሉት። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ካነበበ ደህና ነው፤ 3.3 ካለ ናስ መሆኑን ይጠርጥሩ። የአንገት ማንጠልጠያ ከተበየደበት ግን ክብደቱ ስለሚዛባ ሙከራው አይታመንም፤ ለሰብሳቢም ዋጋው ይወርዳል።