ያለ ቁልፍ የሚሠራ የዝላይ ጌም፦ ስለ «ከርቢ ካንቫስ ከርስ» ለቀረበው ጥያቄ

ጠያቂያችን እንደገለጹት ለልጅዎ ያገለገለ ኒንቴንዶ ዲኤስ ላይት (በእጅ የሚያዝ ባለ ሁለት ስክሪን የጌም መሣሪያ) ሊገዙ አስበዋል፤ ሻጩ «ከርቢ ካንቫስ ከርስ» የተባለውን ጌም ጨምሮ ሊሸጥልዎ ፈልጓል፤ እርስዎ ግን ሙሉ በሙሉ በንክኪ የሚሠራ የዝላይ ጌም ልጁን ያሰለቸው ይሆን ብለው ስለ ሰጉ ጥንካሬውንና ድክመቱን ከተጫወተው ሰው መስማት ይሻሉ። እኔ ይህን ጌም እስከ መጨረሻው ተጫውቼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላም የእኅቶቼ ልጆች ሲጫወቱት አጠገባቸው ሆኜ ስላየሁ አዋቂውንም ልጁንም በሚመለከት የምለው አለኝ።

ሥጋትዎ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በንክኪ የሚሠሩ ብዙ የዝላይ ጌሞች የሚበላሹት ለቁልፍ የታሰበውን አጨዋወት እንዳለ ወስደው ቁልፎቹን በስክሪኑ ላይ በሥዕል ስለሚያስቀምጡ ነው። እውነተኛውን ቁልፍ ጣት ሳያይ በመዳሰስ ያገኘዋል፤ የተሳለውን ግን ለማግኘት ዓይን ከገደሉ ላይ ተነሥቶ ወደ ጣት መውረድ አለበት፤ ይህም የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ዝላዩ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ነው። ሃል ላቦራቶሪ ሠርቶት ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ይህ ጌም ከዚህ ችግር ያመለጠው የተሻለ የቁልፍ ሥዕል በማስቀመጥ ሳይሆን ገጸ ባሕርዩን የመቆጣጠርን ሐሳብ ከነጭራሹ በመተው ነው።

ታሪኩ ለዚህ ምክንያት ይፈጥርለታል። ድሮሲያ የምትባል ጠንቋይ የጌሙን ጀግና የከርቢን አገር ወደ ሥዕል ትለውጣለች፤ ከርቢንም እጅና እግሩን ነሥታ ኳስ ታደርገዋለች። ኳስ ደግሞ ራሱ አይዘልም፤ ይንከባለላል እንጂ። ተጫዋቹ በብዕሩ በታችኛው ስክሪን ላይ ባለ ቀስተ ደመና ቀለም መስመር ይስላል፤ ከርቢ በመስመሩ ላይ ይሄዳል። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ውኃውን በእጁ እንደማይገፋ፣ ቦዩን እንደሚቀድለት ሁሉ፣ እዚህም የሚመራው መንገዱ ነው። መስመሩ የተሳለበት አቅጣጫ የእንቅስቃሴውን አቅጣጫ ይወስናል፤ ከግራ ወደ ቀኝ የተሳለ ወደ ቀኝ ይወስደዋል፤ ክብ አድርገው ከሳሉት በክቡ ተሽከርክሮ ፍጥነት ያገኛል፤ ከፊቱ ቀጥ ያለ መስመር ካቆሙለት እንደ ግድግዳ ይመልሰዋል፤ ከጠላት የሚወረወረውን ጥይትም በመስመር መመከት ይቻላል። አንድ ምልክት ይህን ሁሉ ሥራ መሥራቱ ጌሙን ከሁሉ በላይ የሚያስመሰግነው ነገር ነው፤ ለአዲስ ተጫዋች ማብራሪያው ደቂቃ አይፈጅም፣ አጠቃቀሙን ማጥራት ግን ጌሙ እስኪያልቅ ድረስ ይቀጥላል።

ቀለሙ ደግሞ የተወሰነ ነው። እንደ ልብ መሳል ቢፈቀድ ኖሮ ተጫዋቹ ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ረጅም ድልድይ ስሎ ደረጃውን ሁሉ ከላይ ያልፈው ነበር። ቀለሙ ሲሳል ይቀንሳል፣ ከርቢ መሬት ሲረግጥ ግን በፍጥነት ይሞላል፤ ስለዚህ በየአየሩ መንሳፈፍ ዋጋ ያስከፍላል፤ የት ማረፍ እንደሚገባ አስቀድሞ ማሰብ ግድ ይሆናል። የዝላይ ጌም ዋና ጣዕም የሆነው የርቀትና የጊዜ ግምት እዚህ በሌላ መልክ ይመለሳል። ቁልፍ የለም ማለት ችሎታ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ይህን አጥብቄ የምናገረው ጌሙን ሳይሞክሩ «የሕፃን ነው» የሚሉ ሰዎች ስለ በዙ ነው።

ሌላው እንቅስቃሴ ከርቢን ራሱን መንካት ነው፤ ሲነኩት ወደፊት ይፈተለካል። ጠላትን በብዕር ሲነኩት ለጥቂት ጊዜ ይደነዝዛል፤ ያን ጊዜ ከርቢ ገጭቶ ያጠፋዋል፤ አንዳንዶቹንም ችሎታቸውን ይወስዳል። በድንጋይ ችሎታ ከብዶ ወርዶ ይሰብራል፣ በፊኛ ይንሳፈፋል፣ በጎማ ይከንፋል። እዚህ ላይ አንድ እንከን አለ፤ ችሎታ የያዘ ከርቢን ሲነኩት የሚሠራው ችሎታው እንጂ ያ የለመዱት መፈትለክ አይደለም። ጎማውን ሳልፈልገው ይዤ በጠባብ ቦታ እሾህ ላይ የወደቅሁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ልጆቹም በዚሁ ሲበሳጩ አይቻለሁ። ከጊዜ በኋላ ጠላትን ሁሉ መግጨት ትተው የትኛውን ማለፍ እንዳለባቸው መምረጥ ጀመሩ።

በጥያቄዎ ውስጥ ባይነሣም ከድክመቶቹ ሁሉ የሚከብደው እጅ ስክሪኑን መሸፈኑ ነው። የዲኤስ ላይት ስክሪን ሦስት ኢንች ያህል ብቻ ነው፤ ከርቢ በአብዛኛው ወደ ቀኝ ይጓዛል፤ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው መስመሩን ወደፊት ሲያስረዝም መዳፉ ገና የሚመጣውን ነገር ይከልላል። ግራኝ የሆነችው የእኅቴ ልጅ ከወንድሟ ይልቅ አስቀድማ ያየችው አደጋ ብዙ ነበር፤ ወደ ግራ በሚመልሱ ቦታዎች ግን ዕድሉ ተገላብጧል። መፍትሔው ብዕሩን ከጫፉ ራቅ አድርጎ መያዝና ረጅም መስመር በአንድ ጊዜ ከመሳል አጫጭሮችን ማከታተል ነው፤ ይህም ቀለሙን ስለሚቆጥብ ሁለት ጥቅም አለው። በጣት መጫወትን አልመክርም፤ የጣት ጫፍ ከብዕሩ ይልቅ ይሸፍናል፤ የዲኤስ ስክሪንም እንደ አሁኖቹ ስልኮች ቆዳን የሚለይ ሳይሆን ግፊትን የሚቀበል ስለሆነ ለቀጭን ጫፍ በጣም ይመቸዋል። አንገትና አውራ ጣትም ይደክማሉ፤ አንዱ እጅ መሣሪያውን በአየር ይዞ ሌላው ያለ ዕረፍት ሲስል መቆየቱ ከቁልፍ ጌም ይልቅ ያዝላል፤ ስለዚህ ልጁ ጠረጴዛ ላይ ወይም ጭኑ ላይ አስደግፎ ቢጫወት ይሻላል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ አለቆቹን፣ ማለትም በየዓለሙ (በየደረጃዎቹ ስብስብ) መጨረሻ የሚገጥሙትን ብርቱ ጠላቶች ይመለከታል። ደረጃዎቹ በየጊዜው አዲስ ነገር ያመጣሉ፤ በውኃ ውስጥ ለምሳሌ ከርቢ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ መስመሩን ከበላዩ ስለው ወደ ታች ይገፉታል፤ የለመዱት ሁሉ ይገለበጣል። በዓለሞቹ መጨረሻ የሚገኙት ፍልሚያዎች ግን ሦስት ዓይነት ጨዋታዎች ናቸው፤ አንዱ በጋሪ ከንጉሥ ዲዲዲ ጋር መሽቀዳደም፣ አንዱ ከክራኮ ጋር በኳስ ጡብ መስበር፣ አንዱም ነጥቦችን በፍጥነት አገናኝቶ ሥዕል መጨረስ። እነዚሁ ከበድ እያሉ ተመልሰው ይመጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ይላሉ፤ በሦስተኛው ግን ጌሙ ራሱ የፈጠረውን ድንቅ ሐሳብ ለምን በአለቆቹ ላይ እንዳልተጠቀመበት ይጠይቃሉ። የመጨረሻዋ ድሮሲያ ላይ ሲደርሱ ያ የጎደለው ነገር ስለሚመለስ ቅሬታው ይበልጥ ይጎላል።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ ዋናውን ታሪክ ብቻ ለሚከተል ሰው አጭር ነው። ዕድሜ የሚሰጡት በየደረጃው የተደበቁት ሜዳልያዎች ናቸው፤ በእነሱ ሙዚቃ እንዲሁም እንደ ዋድል ዲ፣ ዋድል ዱ፣ ንጉሥ ዲዲዲና ሜታ ናይት ያሉ ሌሎች ተጫዋቾች ይከፈታሉ። እነዚህ እንደ ከርቢ የጠላትን ችሎታ አይወስዱም፤ የታወቀው ደረጃ በእነሱ ሲሄዱበት ሌላ ይሆናል። «ሬይንቦ ራን» በሚባለው ክፍል ደግሞ በጊዜ ወይም በቀለም ቁጠባ መወዳደር ይቻላል፤ ቀለም በመቆጠቡ ውድድር ላይ እኔ ከታሪኩ ይልቅ ረጅም ጊዜ አሳልፌአለሁ።

ለጥያቄዎ መልስ ከሰጡት አንዳንዶቹ «ዮሺ ተች ኤንድ ጎ»ን አማራጭ አድርገው ጠቅሰዋል። እሱም በዚያው ዓመት የወጣ፣ ደመና እየሳሉ ማርዮን በሕፃንነቱ የሚመሩበት ጌም ነው፤ ሐሳቡ ይቀራረባል፤ ነገር ግን በነጥብ ማሰባሰብ ላይ የቆመ ስለሆነ ደረጃ እያለፈ መሄድ ለሚወድ ልጅ ቶሎ ያልቅበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዊ ዩ (ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ፣ መቆጣጠሪያው ራሱ ስክሪን ያለው የኒንቴንዶ መሣሪያ) ላይ የወጣው የከርቢ ተከታይም ውብ የሸክላ መልክ አለው፤ ሆኖም የጠላትን ችሎታ መውሰድ ቀርቶ በታንክ፣ በሮኬትና በሰርጓጅ መርከብ ቅርጽ ተተክቷል፤ ዓይንም በእጅ ካለው ስክሪን ስለማይነሣ ቴሌቪዥኑ ያለ ሥራ ይቀራል። ለእኔ የ2005ቱ ይበልጣል።

እንግዲህ ልጅዎ ለመጻፍና ለመሳል እጁ የተፍታታ ከሆነ ይግዙት። እጁ ገና ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች አብረው ይጫወቱ፤ እሱ ይሳል፣ እርስዎ የሚመጣውን ይንገሩት። ካርዱ ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ በላዩ «ከርቢ ፓወር ፔይንትብረሽ» የሚል ስም ያገኛሉ፤ ጌሙ ያው ነው፤ የዲኤስ ካርዶች በአገር ስለማይገደቡ ዘመድ ከአሜሪካም ከጀርመንም ቢልከው በእርስዎ መሣሪያ ይሠራል።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ግን ከጌሙ ይልቅ ስክሪኑን ይፈትሹ። ይህ ጌም ያለ ማቋረጥ ስለሚያስቧጭር የቀድሞው ባለቤት ተጫውቶት ከሆነ ታችኛው ስክሪን መሐሉ ላይ የተፋቀ ሊሆን ይችላል። በመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ ብዕሩ የነካበትንና ስክሪኑ ያነበበውን ቦታ የሚያስተካክል ክፍል አለ፤ እሱን አስቀድመው ይሥሩ፤ ከዚያ ጌሙን ከፍተው በአራቱም ማዕዘኖች አጠገብ መስመር ይሳሉ። መስመሩ ከብዕሩ ርቆ ከወጣ ወይም መሐል ላይ ከተቆረጠ ስክሪኑ አርጅቷል ማለት ነው፤ በቁልፍ በሚሠራ ጌም ይህ ጉድለት ሳይታወቅ ሊታለፍ ይችላል፤ በዚህ ጌም ግን አንድም ገደል አያሻግርዎትም፤ ስክሪኑን አስለውጦ እንዲያመጣ ወይም ዋጋውን እንዲቀንስ ለሻጩ ይንገሩት። አዲስ ከተለወጠ ደግሞ በዚያው ቀን መከላከያ ፕላስቲክ ያስለጥፉበት።