የጥጃ ተቅማጥ፦ ቫይረስ መሆኑ በምን ይታወቃል? ከሱሉልታ ለመጣ ጥያቄ መልስ

ጥያቄው የተላከው ሱሉልታ ላይ ጥቂት የተዳቀሉ ላሞች ካሏት እህታችን ነው። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦ "ጥጆቼ ሳምንት ሲሞላቸው ቢጫ ውሃ የመሰለ ያስቀምጣቸዋል፣ ኦክሲ አስወጋኋቸው ለውጥ የለም፣ ዘንድሮ ሁለት ሞቱብኝ። ቫይረስ ነው ያለኝ ሰው አለ፣ ይሄ በላብራቶሪ ይታወቃል ወይ? ከጫካው እየወጡ ሳሬን የሚግጡት ሚዳቋና ድኩላስ ይሆኑ የሚያመጡብኝ? ውሻዬንም በዚያው ሰሞን ደም አስቀምጦት ነበር።"

እህቴ አይዞሽ። ይታወቃል ወይ ላልሽው አዎ ይታወቃል፣ ግን ላብራቶሪው የሚያየው አንቺ የላክሽለትን ብቻ ነው፣ እና ሳምፕሉ (ለምርመራ የሚላከው እበት) ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ሳይደርስ በረት ውስጥ ወይ መንገድ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዕድሜውን እንይ። ጥጃው በተወለደ በ3 በ4 ቀኑ ከሆነ ያስቀመጠው እኔ ቅድሚያ የምጠረጥረው ኢ ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ነው። ከ5 ቀን እስከ 3 ሳምንት ግን ሮታ ቫይረስ አለ፣ ኮሮና ቫይረስ አለ (የከብቶቹ ነው፣ የኮቪዱ አይደለም አትደንግጪ)፣ ክሪፕቶ የሚባል በአይን የማይታይ ጥገኛም አለ፣ ሶስቱም እዚያው ዕድሜ ላይ ይመጣሉ፣ ሁለቱ ባንድ ጥጃ ሆድ ውስጥ መገኘታቸውም የተለመደ ነው። ትኩሳትና ደም ካለበት ደግሞ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያም ይጠረጠራል። የተቅማጡን ቀለም አይቶ ቫይረስ ነው አይደለም የሚልሽን ሰው አትስሚው፣ በአይን አይለይም። ኦክሲው ያልሰራልሽም ለዚህ ይመስለኛል፣ ኦክሲ አንቲባዮቲክ ነው፣ ቫይረስንም ክሪፕቶንም አይነካም።

ምርመራው ሶስት አይነት ነው። ቀላሉ ስትሪፕ ነው፣ ልክ እንደ እርግዝና መመርመሪያው፣ እበቱን በፈሳሽ በጥብጠሽ ጠብ ታደርጊና በ10 በ15 ደቂቃ መስመር ያወጣል፣ ባንዴ ሮታ፣ ኮሮና፣ ኢ ኮላይና ክሪፕቶ የሚያይ ኪትም አለ። ሁለተኛው ኤላይዛ ነው፣ እሱም የቫይረሱን ፕሮቲን ነው የሚፈልገው፣ ብዙ ሳምፕል ባንድ ጊዜ ለማየት ይመቻል። ሶስተኛው ፒሲአር ነው፣ የቫይረሱን ዘረመል እያባዛ ስለሚያይ ትንሽም ብትሆን ያገኛታል። ግን ትንሿንም ማግኘቱ ችግርም አለው፣ ጤነኛ የሚመስል ጥጃም ትንሽ ቫይረስ ሊያወጣ ስለሚችል ፖዘቲቭ አለ ማለት ብቻውን የገደለው እሱ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ እኔ ሁሌ የምለው ከታመሙት ሶስት አራት፣ በዚያው ዕድሜ ካሉ ጤነኞችም ካሉ ሁለት ይወሰድ፣ ያኔ ማነጻጸር ይቻላል። አንቺ ጋ ያን ያህል ጥጃ ባንዴ ላይኖር ይችላል፣ ጎረቤትም ተመሳሳይ ችግር ካለበት አብራችሁ ላኩ።

አሁን አወሳሰዱ፣ እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢ። ተቅማጡ በጀመረ በመጀመሪያው ቢበዛ በሁለተኛው ቀን፣ መድኃኒት ሳይሰጠው በፊት መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ጥጃው ቫይረሱን በብዛት የሚያወጣው ያኔ ነው፣ በአንድ ግራም ውስጥ በቢሊዮን ይቆጠራል፣ ቀናት ባለፉ ቁጥር ይቀንሳል። ከመሬት ላይ አታንሺ። ንጹህ ጓንት አድርጊ፣ ፊንጢጣውን በጣትሽ ቀስ አድርገሽ ስታሻሺው ራሱ ያስቀምጣል፣ ከስሩ አፈ ሰፊ ክዳን ያለው ንጹህ ብልቃጥ ያዢ፣ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል። በጥጥ ብቻ የተነካ ለኤላይዛ አይበቃም። ላዩ ላይ የጥጃውን ቁጥር፣ ዕድሜና ቀኑን በማይለቅ እስክርቢቶ ጻፊበት። ፎርማሊን እንዳትጨምሪ፣ ፍሪዘር ውስጥም አትክተቺው፣ አይስ ቦክስ ውስጥ ከበረዶ ጋር ይሁንና ቶሎ ይድረስ። ጥጃው ከሞተ አንጀቱ በሰዓታት ውስጥ ስለሚበሰብስ ሌሊት ሞቶ ጠዋት የተከፈተ ጥጃ ብዙም አይጠቅምም። ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ላንቺ ሩቅ አይደለም፣ ግን ዝም ብለሽ ተሸክመሽ አትሂጂ፣ በወረዳሽ የእንስሳት ክሊኒክ በኩል አስደውይና ኪት መኖሩን አረጋግጪ።

የውሻሽ ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም ፓርቮ ነው፣ ግን ይህ ሳይታይ የምናገረው ግምት ነው። ፓርቮ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዓለም የተሰራጨ የውሻ ቫይረስ ነው፣ ወደ ጥጃ አይተላለፍም፣ ወደ ቀበሮ ግን ይሄዳል፣ ስለዚህ ውሻሽን አስከትቢ።

ሚዳቋና ድኩላውን ግን አትክሰሻቸው። እርግጥ ነው ከከብት ኮሮና ጋር በጣም የሚመሳሰል ቫይረስ በአሜሪካ በአጋዘንና በቀጭኔ ላይ ተገኝቷል፣ እና የዱር እንስሳን ለመመርመር መያዝም አያስፈልግም፣ ትኩስ ፋንድያ ይለቀምና በዚያው በፒሲአር ይታያል፣ የማን ፋንድያ እንደሆነም በዘረመሉ ይረጋገጣል። ግን ብዙ ጊዜ መንገዱ ከኛ ከብት ወደ ዱር ነው። የደስታ በሽታን አስቢው፣ ያ ከብት የሚፈጅ፣ አንጀት የሚበጣጥስ ቫይረስ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2001 ኬንያ ውስጥ ሜሩ ፓርክ ባለ ጎሽ ላይ ነው፣ ሰዉ ጎሾቹ ይደብቁታል ብሎ ፈርቶ ነበር፣ ከብቱ በክትባት ሲጸዳ ግን ከጎሾቹም ጠፋ፣ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ያንቺን ጥጃ የሚያሲዙት በኔ ግምት ያለፉት ጥጆች የተኙበት ያልታጠበ ቦታ እና እናቶቻቸው ናቸው፣ ላሟ ሳትታመም በወሊዷ ሰሞን ኮሮናውን በእበቷ ልታወጣ ትችላለች። ሮታ ደግሞ እበት ውስጥ ለወራት ይቆያል። ጉዝጓዙን አውጪና አቃጥዪ፣ በውሃና ሳሙና ፈግፍጊ፣ በረኪናው ከዚያ በኋላ ነው፣ እበት ላይ የተደፋ በረኪና ብክነት ነው።

ውጤት እስኪመጣ ጥጃው አይጠብቅሽም። የሚገድለው ውሃ ማጣቱ ነው። ኦአርኤስ (የጨውና የስኳር ዱቄቱን) በፓኬቱ በተጻፈው ልክ በጥብጠሽ ሁለት ሊትር፣ በቀን ሁለት ሶስቴ ስጪው፣ ወተቱንም አትከልክዪው፣ ብቻ አንድ ላይ አትቀላቅዪ፣ በመሃል ሁለት ሰዓት ያህል ይሁን። አይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት ካቃተውና መነሳት ካልቻለ በአፍ አይሆንም፣ ሀኪም ጠርተሽ በደም ስር ይሰጠው። ልጆች እንዳይነኩት፣ ክሪፕቶና ሳልሞኔላ ሰውም ይይዛሉ።

እና እንገር! የእንግዴ ልጁ እስኪወጣ ብለሽ የምታስጠብቂ ከሆነ ተዪው፣ በተወለደ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ እስከ ስድስት ሰዓት፣ ሶስት ሊትር ያህል ይጠጣ፣ ከዚያ በኋላ አንጀቱ በእንገሩ ውስጥ ያለውን የበሽታ መከላከያ ማሳለፉን እያቆመ ነው የሚሄደው።

የሚቀጥለው ጥጃ ካስቀመጠው ሳምፕሉን ከሰኞ እስከ ረቡዕ ባለው ላኪ፣ ዓርብ ከሰዓት የተላከ ቅዳሜና እሁድን የሆነ ቦታ ሲሞቅ ይከርማል።