«እምነቴ አይፈቅድልኝም» ብሎ ደንበኛ መመለስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ታክሲ የሚነዱ፣ ሱቅና ምግብ ቤት ያላቸው አንባቢዎቻችን ስለ እምነትና ስለ ፀረ አድልዎ ሕጎች ከላኩልን ጥያቄዎች አራቱን መርጠናል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ውሻ መኪናዬንና ልብሴን ከነካ ለሶላት እቸገራለሁ። ዓይነ ስውር ተሳፋሪ ውሻውን ይዞ ሲመጣ ይቅርታ ጠይቄ ሌላ ታክሲ ብጠራለት ጥፋት ይሆንብኛል?

መልስ፦ አዎ፣ ይሆንብዎታል። በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ታክሲንም ይመለከታል፤ አካል ጉዳተኛን ለመርዳት የሠለጠነ ውሻን ከባለቤቱ ጋር መጫን ግዴታ ነው። በትሕትና መመለስዎም ሆነ ሌላ ታክሲ መጥራትዎ አያድንዎትም። አለርጂና ፍርሃትም ምክንያት አይሆኑም።

የተሳፋሪው ጉዳት በዓይን የማይታይ ከሆነ ሁለት ነገር ብቻ መጠየቅ ይችላሉ፦ ውሻው የሚያስፈልገው በአካል ጉዳት ምክንያት ነው ወይ? ምን እንዲሠራ ሠልጥኗል? «ወረቀት አሳየኝ»፣ «ሕመምህ ምንድን ነው» ወይም «ሲሠራ ልየው» ማለት አይፈቀድም። ለውሻው ተጨማሪ ሒሳብ፣ ለፀጉሩም የማጽጃ ክፍያ አይጠየቅም። ወንበር ከቀደደ ግን ሌላው ተሳፋሪ በሚከፍለው ልክ ማስከፈል ይቻላል። ባለቤቱ ሊቆጣጠረው ያልቻለውን ወይም መኪና ውስጥ የሚጸዳዳውን ውሻ ማስወረድ ይችላሉ፤ ሰውየውን ግን ያለ ውሻው ለመጫን ፈቃደኛ መሆን አለብዎት። ለመጽናኛ ብቻ የሚያዙ እንስሳት በዚህ ሕግ አይካተቱም። ብዙ ነጂ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሠለጠነውን ውሻና ለመጽናኛ የሚያዘውን እንስሳ አንድ አድርጎ ያይና ሁሉንም ይመልሳል።

እምነትዎን መጠበቅ የሚችሉት መኪናውን በማዘጋጀት ነው። የሠለጠነ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቱ እግር ሥር ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ የሚታጠብ የጎማ ምንጣፍ ያንጥፉ፣ ለሶላት የሚቀይሩትን ንጹሕ ልብስ በቦርሳ ይያዙ። ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ በሆነው በሻፊዒ መዝሀብም ነጃሳው (ርኩሰቱ) የሚተላለፈው በእርጥበት ነው፤ ደረቅ ከደረቅ ሲነካካ አይተላለፍም። ዝርዝሩን ለሚያምኗቸው ዓሊም (የሃይማኖት ሊቅ) ያቅርቡ።

የሚኒያፖሊስ ኤርፖርት ታሪክም ትምህርት ይሰጣል። አልኮል የያዘ መንገደኛ አንጭንም ያሉ ሙስሊም ነጂዎች ስለነበሩ አስተዳደሩ በ2007 ቅጣት ደነገገ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የ30 ቀን እገዳ፣ ሲደገም ፈቃድን ለ2 ዓመት መነጠቅ። ነጂዎቹ ፍርድ ቤት ሄደው ደንቡን ሊያሳግዱት አልቻሉም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ኬክ ቤት አለኝ። ለተመሳሳይ ፆታ ሠርግ ኬክ አልሠራም ማለት እንደሚቻል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈቅዷል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ የሚወራውን ያህል አልፈቀደም። በ2018 ለተመሳሳይ ፆታ ሠርግ ኬክ አልሠራም ያለው የኮሎራዶ ኬክ ጋጋሪ በዳኞች 7 ለ 2 ድምፅ የረታው፣ ጉዳዩን ያየው የግዛቱ ኮሚሽን ለእምነቱ ንቀት አሳይቷል ተብሎ ነው። ፍርድ ቤቱ በዚያው ውሳኔ ላይ፣ ሃይማኖታዊ ተቃውሞ በጥቅሉ ሲታይ ለሕዝብ የሚሸጥን ዕቃ ሕግ ለሚጠብቃቸው ሰዎች ለመከልከል እንደማያበቃ ጽፏል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1968 የደቡብ ካሮላይና ምግብ ቤቶች ባለቤት ነጭና ጥቁርን አብሮ ማስተናገድ እምነቴን ይነካል ብሎ ሲከራከር ፍርድ ቤቱ መከራከሪያውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

በ2023 ደግሞ ለተመሳሳይ ፆታ ሠርግ ድረ ገጽ መሥራት ያልፈለገች አንዲት የድረ ገጽ ሠሪ 6 ለ 3 ረታች። ያሸነፈችው በሃይማኖት ነፃነት ሳይሆን በንግግር ነፃነት ነው፦ መንግሥት አንድን ሰው የማያምንበትን መልእክት በራሱ ፈጠራ እንዲገልጽ ማስገደድ አይችልም ተባለ።

እርስዎ ዘንድ ሲመጣ እንዲህ ይሆናል። የሜሪላንድ ሕግ በፆታ ዝንባሌ አድልዎን ስለሚከለክል መደርደሪያ ላይ ያለውን ኬክ ለማንኛውም ገዢ ይሸጣሉ፤ ለየትኛው ድግስ እንደሚቆረጥ ምክንያት አይሆንም። በትእዛዝ የሚጻፍ ጽሑፍ ሲሆን፣ ማንም ቢያዘው የማይጽፉት ከሆነ መከራከሪያዎ ይጠነክራል። ጽሑፍ የሌለበት፣ በልዩ ትእዛዝ የሚሠራ የሠርግ ኬክ ግን ገና ያልጠራ ነገር ነው፤ እሱን እምቢ ከማለትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። የማይሠሯቸውን ጽሑፎችና ሥዕሎች አስቀድመው በጽሑፍ ይወስኑ፣ ለሁሉም እኩል ይተግብሩ፣ ሠራተኞችዎንም ያሳውቁ። አንድ ሻጭ «ለእናንተ ዓይነት ሰዎች አንሸጥም» ካለ፣ የተከለከለው መልእክቱ ሳይሆን ሰውየው መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ በገዛ አንደበትዎ ተሰጠ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤታችን የአሳማ ሥጋና አልኮል አያቀርብም። አንድ ደንበኛ «ይህ አድልዎ ነው» ብሎ ተቆጣን። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ምን እንደምትሸጡ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ በጾም ሥጋ ባታቀርቡም እንደዚሁ። በምግብ ዝርዝሩ ላይ ያለውን ግን ለገባው ሁሉ በአንድ ዋጋ አቅርቡ።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሒጃብ ለብሼ ምግብ ቤት ገባሁና «አናስተናግድም» ተባልኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የደረሰብዎት በደል ነው፤ ሕግም ይከለክለዋል። በ1964 የወጣው የፌዴራል የሲቪል መብቶች ሕግ ምግብ ቤትና ሆቴል በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ሰው እንዳይመልሱ ያዛል። ሆኖም በዚህ ሕግ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ድርጊቱ እንዲቆም ትእዛዝና የጠበቃ ወጪ እንጂ የገንዘብ ካሳ አይደለም። በተጨማሪም የአካባቢው የመብት መሥሪያ ቤት ባለበት ቦታ አስቀድሞ ለእሱ በጽሑፍ ማሳወቅና 30 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከዲሲው የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ይጀምሩ፤ አቤቱታ የሚቀበለው ድርጊቱ ከተፈጸመ በ1 ዓመት ውስጥ ነው።

ከዚያ በፊት፣ በተለይ ቃላቱ ሳይረሱ በዚያው ቀን፣ ሰዓቱን፣ ማን ምን እንዳለና በአጠገብዎ የነበሩ ሰዎችን ስልክ ይጻፉ። የደኅንነት ካሜራ ምስል ብዙ ቦታ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለሚጠፋ፣ የዕለቱን ቀረጻ እንዲያስቀምጡ ለባለቤቱ በጽሑፍ ይጠይቁና የደብዳቤውን ቅጂ ከአቤቱታው ጋር ያያይዙ።