የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጥርስ ለማሠራት ድንበር ተሻግሮ መዋል

ጥያቄ፦ እናታችን ከደሴ ተነሥታ ሳን ዲዬጎ ያለችው እኅቴ ዘንድ ለሦስት ወር ሄዳለች። እኅቴ ለጥርሷ ሜክሲኮ ውስጥ ሎስ አልጎዶኔስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ «በጠዋት ወስጄያት ማታ እንመለሳለን» ትላለች። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ይቻላል? ሥራውስ በአንድ ቀን ያልቃል? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ ከጥርሱ በፊት ቪዛውን ይዩ። ሜክሲኮ የጸና የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ የያዘን ኢትዮጵያዊ የራሷን ቪዛ አትጠይቅም። ችግሩ ያለው ሲመለሱ ነው። በቪዛው ላይ «ኢንትሪስ» ከሚለው ሥር «ኤም» ፊደል ካለ ደጋግሞ ያስገባልና ይሂዱ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚል ከሆነ ግን ቪዛው እናትዎ አሜሪካ የገቡ ዕለት ሥራውን ጨርሷል። እርግጥ ሜክሲኮ ከ30 ቀን ያልበለጠ ቆይቶ የተመለሰንና የአይ-94 ጊዜው ያላለፈበትን ሰው በተጠቀመበት ቪዛ የሚያስገባ የአሜሪካ ደንብ አለ። ቢሆንም ኬላው ላይ የሚወስነው መኮንኑ ነው፤ እናትን ለጥርስ ብሎ እዚያ ማቆም ተገቢ አይመስለንም። ጥርሱ ደሴ ይሠራ።

አይ-94 እስከ መቼ መቆየት እንደተፈቀደላቸው የሚያሳየው መዝገብ ነው። ከአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ድረ ገጽ አትመው ፓስፖርቱ ውስጥ ያስቀምጡት።

መንገዱ ከሳን ዲዬጎ በሀይዌይ 8 ወደ ምሥራቅ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዩማ የምትባል ከተማ ሊደርሱ ሲሉ በመንገድ 186 ወደ ደቡብ ታጥፈው አንድሬድ ኬላ ይደርሳሉ። መኪናዋን የኬቻን ነባር ሕዝብ የሚያስተዳድረው ማቆሚያ ትተው በእግር ይለፉ። ሐኪሙም፣ መነጽር ሠሪውም፣ ፋርማሲውም ከኬላው ጥቂት እርምጃ ነው። ኬላው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት ነው። ዩማ አሪዞና ግዛት፣ ኬላው ግን ካሊፎርኒያ ስለሆነ በክረምታቸው፣ ማለትም ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ሰዓቱ ከኬላው በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ቀጠሮ ሲይዙ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ይጠይቁ።

እግራቸው እንደረገጠ ደላሎች ይከቧቸዋል፤ መናኸሪያ ላይ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» እያለ ሻንጣ እንደሚጎትት ረዳት። አስቀድመው ክሊኒክ መርጠው፣ ዋጋውን ኤክስሬይና ማደንዘዣ ሳይቀር ተዘርዝሮ በጽሑፍ ተቀብለው ከሄዱ አይደናገሩም።

ማጽዳት፣ መሙላትና መንቀል በአንድ ቀን ያልቃል። የጥርስ ሽፋን ልኬቱ ተወስዶ ተሠርቶ እስኪመጣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ቀን ይጠይቃል። አጥብቀን የምናሳስበው ጥርስ ስለ ማስተከል ነው። መንጋጋ ውስጥ የሚገባው የቲታኒየም ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ከአጥንቱ ጋር እስኪያያዝ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል፤ ላዩ ላይ ጥርሱ የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው። እናትዎ ደግሞ የሦስት ወር እንግዳ ናቸው። ብሎኑን ብቻ ይዘው ደሴ ቢመለሱ፣ እያንዳንዱ አምራች የራሱ መፍቻና ማያያዣ ስላለው የሚገጥም ላይገኝ ይችላል። ከዚህ በፊት ያስተከሉ ከሆነ የአምራቹ ስምና መጠኑ ያለበትን ተለጣፊ ከክሊኒኩ ይጠይቁ።

የሚነቀል ጥርስ ካለ በጠዋት ይሁን። የመመለሻው ሰልፍ፣ በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት ከሰዓት በኋላ፣ ይረዝማል፤ በበጋቸው ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጥርሱ እንደተነቀለ ጥጡን ነክሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ጥላ ሥር ይቀመጡ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዱ ወይም ስኳር ይኖርባቸው እንደሆነ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ለሐኪሙ ይነገረው።

ጥያቄ፦ ፊኒክስ ያለው ወንድሜ የጥገኝነት ማመልከቻው ገና አልተወሰነም። ጓደኞቹ ወደዚያች ከተማ ለአንድ ቀን እንሂድ ይሉታል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይሂድ። «አድቫንስ ፓሮል» የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን፣ ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠራል። ፈቃዱ ቢኖረውም ጠበቃውን ሳያማክር እንዳይንቀሳቀስ። ጓደኞቹ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይኖራቸው ይሆናል፤ የእሱ ጉዳይ ከእነሱ ይለያል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ዘመድ ጥየቃ ልሄድ ነው። እግረ መንገዴን ለአባቴ የስኳር ኪኒን ከዚያች ከተማ ገዝቼ ልምጣ? (ከወልድያ)

መልስ፦ ሲመለሱ አሜሪካ ድንበር ላይ መድኃኒት የሚፈቀደው ለተሸካሚው ለራሱ ነው፤ ያውም በማሸጊያው፣ ከማዘዣው ጋር፣ ለመኮንኑ ተናግረው። ሜትፎርሚን ከሆነ እዚሁ ይግዙለት። በፍሬ የሚቸረቸር ኪኒን ግን ለማንም አይግዙ፤ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ሜክሲኮ ፋርማሲዎች ውስጥ ፌንታኒል (በጥቂቱ የሚገድል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) የተቀላቀለበት ሐሰተኛ ኪኒን እንደሚሸጥ አስጠንቅቋል። ፍራፍሬና ሥጋም ካለ ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ ከተደበቀ ያስቀጣል።