ስትቆም የምትግል፣ ስትሮጥ የምትበርድ መኪና

አንዲት አንባቢ እንዲህ ጠይቃኛለች፦ «ጋሼ፣ መኪናዬ አሮጌ የቤት መኪና ናት፤ ቤንዚን፣ ማኑዋል ማርሽ። ረጅም መንገድ ስነዳት ምንም አትል፣ ጌጁ መሃል ላይ ቁጭ ይላል። መንገድ ተዘጋግቶ ስቆም ግን ቀስ እያለ ወደ ቀዩ ይወጣል። ትንሽ ስንቀሳቀስ ይወርዳል። መካኒኬ መጀመሪያ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። ሁለት ሳምንት ደህና ሆና ያው ተመለሰች። አሁን ደግሞ ‹ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይከፈት› አለኝ። ላስከፍተው ወይ?»

እህቴ፣ አታስከፍቺው። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ በእሱና በሞተሩ አካል መሃል ያለው ማሸጊያ። ለጊዜው ይቆይ።

ምክንያቱን ራስሽ ጽፈሽልኛል። «ስቆም ይወጣል፣ ስንቀሳቀስ ይወርዳል» ብለሻል። ግማሹ ምርመራ እዚያው አለቀ። ሞተሩ ሙቀቱን ለውሃው ይሰጣል። ውሃው ተሸክሞት ራዲያተር ድረስ ይሄዳል። ራዲያተሩ ለአየር ያስረክባል። መኪናዋ ስትሮጥ ነፋሱ በራሱ ከፊት ይገባል። ስትቆም ነፋስ የለም፣ ያኔ ሥራው የቬንትሌተሩ፣ የማራገቢያው፣ ነው። እየሮጠች የማትግል መኪና ውሃዋ ይዞራል፣ ራዲያተሯም በአብዛኛው ያሳልፋል ማለት ነው። የጎደላት አየር ነው። ጓርኒሲዮን የበላች መኪና ብዙ ጊዜ የምታስቸግረው በተቃራኒው ነው፤ ዳገት ላይ፣ ጭነት ሲበዛ፣ ነዳጅ ሲረገጥ።

ስለዚህ መጀመሪያ ቬንትሌተሩ ይታይ። አንቺም ልታዪው ትችያለሽ። ሞተሩን አስነሺ፣ ኮፈኑን ክፈቺ፣ ኤሲውን አብሪው። ኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ባላቸው አብዛኞቹ መኪኖች ኤሲ ሲበራ ማራገቢያው ብዙም ሳይቆይ ይነሳል። ከዚያ ኤሲውን አጥፊና በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትረግጪ፣ እየሠራች እስክትሞቅ ጠብቂ። አብዛኞቹ ላይ ውሃው ከ95 እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቬንትሌተሩ መነሳት አለበት። ዓይንሽ ጌጁ ላይ ይሁን። መርፌው ከመሃል አልፎ እየወጣ ቬንትሌተሩ ዝም ካለ ሞተሩን አጥፊ። ሌባው ተይዟል። ብቻ እጅሽንም ሻርፕሽንም አርቂ፤ አንዳንድ መኪና ላይ ሞተር ከጠፋ በኋላም ሳይታሰብ ይነሳል።

በኤሲ ተነስቶ በሙቀት እምቢ ካለ የሙቀት ሴንሰሩን ወይም ሶኬቱን ጠርጥሪ። ቬንትሌተሩ ሁለት ከሆነ ግን የትኛው እንደተነሳ ልብ በዪ፤ አንዱ የኤሲው ብቻ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ካልተነሳ ፊውዝ፣ ሪሌ (መብራቱን የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ)፣ ሽቦ ወይም የቬንትሌተሩ ሞተር ነው። እዚህ መካኒክሽ ይግባ። ሶኬቱን ነቅሎ ከባትሪ በቀጥታ መብራት ይስጠው። ከዞረ የቬንትሌተሩ ሞተር ደህና ነው። ሪሌውን ለመፈተን ደግሞ ብዙ መኪና ላይ የክላክሱ ሪሌ ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ቁጥሩንና እግሮቹን አስተያይቶ ማቀያየር ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሶኬቱን ግን ነቅሎ ውስጡን ይየው። ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ነው። ሲነቀል አንደኛው ጉድጓድ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል፣ ብረቱ ጠቁሯል። ቬንትሌተር ብዙ ከረንት ይስባል፣ የላላ ሶኬት ደግሞ ይግላል። ፊውዙ ሳይቃጠል መብራት ይደክማል። አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ይተኛል። ጋራዥ ስትደርሺ ይነሳል፣ መንገድ ላይ ይተኛል። መካኒክን እንደዚህ የሚያሞኝ ጥፋት የለም።

መዞሩ ብቻም አይበቃም። አንድ ወረቀት ያዢና ከመኪናዋ ፊት፣ ከግሪሉ በኩል አስጠጊው። ቬንትሌተሩ ከራዲያተሩ ኋላ ከሆነ አየር የሚስበው ከፊት ስለሆነ ወረቀቱ ልጥፍ ማለት አለበት። ተንሸራቶ ከወደቀ ቬንትሌተሩ ደክሟል፣ ወይም ራዲያተሩ በአቧራ ተደፍኗል። ወረቀቱን ወደ አንቺ ከገፋው ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገላብጦ ታስሯል። አትሳቂ፣ ቬንትሌተር በተቀየረባቸው መኪኖች ላይ ያጋጥማል። ቬንትሌተሩን ዙሪያውን የሚያቅፈው ፕላስቲክ አለመጣሉንም እግረ መንገድሽን እዪ። እሱ ከሌለ ቬንትሌተሩ የሚስበው በራዲያተሩ በኩል የሚያልፈውን አየር ሳይሆን በጎን የሚያገኘውን ነው።

ሞተሩ በርዝመት የተቀመጠ፣ ቬንትሌተሩ ከሞተሩ ጋር በቺንጋ (በቀበቶ) የሚዞር ከሆነ ፈተናው ሌላ ነው። ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ ማራገቢያውን በእጅ መግፋት። ከበድ ብሎ መያዝ አለበት። እንደ መጫወቻ ደጋግሞ ከዞረ መሃሉ ላይ ያለው የማራገቢያው ክላች ሞቷል።

ቆሻሻውን አትርሺ። ኤሲ ባላት መኪና ከራዲያተሩ ፊት የኤሲው ኮንደንሰር አለ፣ በሁለቱ መሃል ደግሞ ጠባብ ክፍተት። ከፊት ሲያዩት ኮንደንሰሩ ንጹሕ ነው። ራዲያተሩን ፈትቼ ሳነሳ ግን ክፍተቱ ውስጥ አቧራ፣ ቅጠልና የነፍሳት ክንፍ ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ተገሽልጦ የወጣበት ጊዜ አለ። እጥበቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በቀስታ ውሃ ነው። በሃይለኛ ፓምፕ ከሆነ የራዲያተሩ ስስ ክንፎች ይተኛሉ፣ ከዚያ አየር ጭራሽ አያልፍም።

አሁን ወደ ቴርሞስታቱ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ። «መኪናው ጋለ፣ ቴርሞስታቱን አውጣ» የሚባለው ነገር የሙያችን የቆየ በሽታ ነው። እኔም ሠልጣኝ እያለሁ አውጥቼ ጥያለሁ። የሚያሞኘው መጀመሪያ ላይ የሚሠራ መምሰሉ ነው። ሞተሩ ከበፊቱ ቀዝቅዞ ስለሚነሳ ጌጁ ወደ ቀዩ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። አንቺ የተነፈስሽው በዚያ ሁለት ሳምንት ነው፤ ዋናው ጥፋት ግን ንክች አላለም።

ቴርሞስታት የውሃው በር ነው። እንደ መኪናው ከ82 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። በብዙ ሞተሮች ላይ ሁለት ሥራ አለው፤ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ ውሃው ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። እሱን ስታወጪው አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል። ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ እየተመለሰ ይዞራል። እንዲህ ባሉ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታት ማውጣት መኪናውን ያግለዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። አቋራጩ በሌለበት ሞተር ላይ ደግሞ መኪናው ረጅም መንገድ ላይ ከሚገባው በታች ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩ «ገና አልሞቀም» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ሞተሩ ቶሎ ይበላል።

ስለዚህ አዲስ ይግባ። የሚከፈትበት ዲግሪ ብዙ ጊዜ ብረቱ ላይ ተቀርጿል፤ ለመኪናሽ የታዘዘው መሆኑን አስተያዪ። ከመታሰሩ በፊት ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቢሞቅ ሲከፈት በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ጠርዙ ላይ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ፒን ካለች በአብዛኛው ወደ ላይ ትሁን። አየር የሚያመልጠው በእሷ ነው። ከታሰረ በኋላ አየሩ በደንብ ይውጣ፤ ውስጡ የቀረ አየር አዲስ መኪናም ያግላል።

የራዲያተሩን ክዳንም ቀይሪው፤ ትንሽ ዕቃ ነው ብለሽ አትናቂው። ላዩ ላይ ብዙ ጊዜ እንደ 0.9 ወይም 1.1 ያለ ቁጥር አለው። የሚይዘው ግፊት ነው። አንድ ባር የሚይዝ ክዳን ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ከባሕር ጠለል በ300 ሜትር ከፍ ባልሽ ቁጥር ደግሞ ውሃ አንድ ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ያላት መኪና ደጋ ላይ ጌጁ ቀዩን ሳይነካ ልትፈላ ትችላለች። በተረፈ የቧንቧ ውሃ ብቻ እየሞላሽ ከሆነ አቁሚ፤ ዝገትና ደለል ያመጣል። ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ይግባ፣ ለመኪናሽ የተፈቀደው ዓይነት፣ በቀለሙ ሳይሆን በተጻፈበት ተመርጦ።

መካኒክሽ አሁንም «ቴስታታ ነው» ካለ ማስረጃ ጠይቂው። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ አረፋ ያለማቋረጥ ይወጣል ወይ? ከቀዝቃዛ ተነስቶ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ ድንጋይ ይሆናል ወይ? የትም ሳያፈስ ውሃ ይጎድላል ወይ? ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ይቀጥላል ወይ? ከዚያ በላይ በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ የፈሳሽ ሙከራ አለ፤ የቃጠሎ ጋዝ ካገኘ ሰማያዊው ፈሳሽ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይሄን ሳያደርግ ቴስታታ የሚያነሳ ሰው በግምት ነው የሚሠራው። አንድ ጊዜ አለቃዬን አምኜ ቀን ሙሉ የፈታሁት ቴስታታ ጓርኒሲዮኑ እንደ አዲስ ነበር። ጥፋቱ የአውራ ጣት የምታህል ሪሌ ሆና ተገኘች። ባለቤቱ ግን የከፈለው የቴስታታ ነው።

ይሄ ሁሉ እስኪሠራ መንገድ ላይ ጌጁ መውጣት ከጀመረ ኤሲውን አጥፊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቺው። አዎ፣ ያልብሻል። ማሞቂያው ግን ትንሽ ራዲያተር ነው፣ ከሞተሩ ሙቀት ይወስድልሻል። ቀዩ ከደረሰ ዳር ያዢና ሞተሩን አጥፊ። ክዳኑን እንዳትነኪው፤ የታመቀው ውሃ ፊትሽ ላይ ነው የሚወጣው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ደግሞ ያልተጎዳውን ቴስታታ ሊያጣምም ይችላል፣ ያኔ መካኒክሽ እውነቱን ይሆናል።

ቬንትሌተሩ ከተስተካከለና ቴርሞስታቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የኩላንት ዕቃው ላይ ውሃው የደረሰበትን በእስክርቢቶ ምልክት አድርጊ። አንድ ሳምንት፣ በየቀኑ ጠዋት እዪው። ከቀን ወደ ቀን ወደታች ከሄደና ከሥር ምንም ካላገኘሽ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ ስለ ቴስታታው እንነጋገራለን።